«50» ስንት ነው? ለጭነት ኤጀንት የቱል መግለጫ ስጽፍ

ኮምቦልቻ ላይ ለሚሠራ የጭነት ማስተባበሪያ ኤጀንት (የቋንቋ ሞዴል የሚያንቀሳቅሰው፣ ከደንበኛ ጋር እየተጻጻፈ ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም) አራት ቱሎች፣ ማለትም ሞዴሉ የሚጠራቸው ትንንሽ የኮድ ተግባራት፣ ሠራሁ፦ መፈለጊያ፣ ዋጋ ማስሊያ፣ ማስያዣና መሰረዣ። ኮዱ አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ቱሉ ምን እንደሚሠራ ለሞዴሉ የሚነግረው መግለጫ ነው። የመፈለጊያው የመጀመሪያ መግለጫ «መኪና ይፈልጋል» ይላል፣ በቃ። ፓራሜትሮቹ፣ ማለትም ሞዴሉ ሞልቶ የሚልካቸው ክፍሎች፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ ቀን፣ ሰዓትና ክብደት ነበሩ።

ደንበኛው «ጥር 10 ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ከደረቅ ወደቡ ወልዲያ፣ 50 ኩንታል» ብሎ ይጽፋል። ይህ የማይገባው የኮምቦልቻ ሹፌር የለም። ሞዴሉ ግን ቀን 2018-05-10፣ ሰዓት 02:00፣ ክብደት 50 ብሎ ላከ። ቱሉ ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር አንብቦ ለግንቦት 2 ቀን 2010፣ ለሌሊት 8 ሰዓት፣ 50 ኪሎ የሚጭን መኪና ፈለገ። ባዶ ዝርዝር መለሰ፤ ኤጀንቱም በትሕትና «መኪና የለም» አለ።

የቀን ስህተት ክፋቱ ዝምታው ነው። የ2018ን ቀኖች እንዲህ ስትልክ ሲስተሙ የሚጮኸው በጥቅምት 29 እና 30፣ ከዚያም በጳጉሜን ብቻ ነው፤ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ፌብሩዋሪ ተብሎ ይነበባል፣ የአውሮፓ 2018 ፌብሩዋሪ ደግሞ 28 ቀን ብቻ ነው፤ 13ኛ ወርም በአውሮፓ አቆጣጠር የለም። በቀረው ዓመት ሁሉ ቀኑ ትክክለኛ መስሎ ያልፋል።

መጀመሪያ መግለጫው ላይ «ወደ አውሮፓ ቀይረህ ላክ» ብዬ ጻፍኩ። አልሠራም፤ አንዳንዴ ይቀይራል፣ አንዳንዴ በአንድ ቀን ይስታል። ስሌት የኮድ ሥራ ነው። አሁን ሞዴሉ ቀኑን ደንበኛው እንደጻፈው ያቀብላል፤ «አቆጣጠር» የሚል ግዴታ ፓራሜትር ደግሞ ሁለት እሴት ብቻ ይቀበላል፦ ኢትዮጵያ ወይም አውሮፓ። ሰዓቱንም ለሁለት ከፈልኩት። አንዱ ከ1 እስከ 12 ያለ ቁጥር ሲሆን መግለጫው «እንደተነገረህ ላክ፣ አትቀይር» ይላል፤ ሌላው ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ወይም ሌሊት ነው። «ክብደት» የሚለው ስም «ክብደት_በኩንታል» ሆነ። መለኪያው ስሙ ውስጥ ሲገባ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የቱልና የፓራሜትር ስም ብዙ የሞዴል አቅራቢዎች ዘንድ በላቲን ፊደል መሆን ግድ ነው፤ እዚህ ተርጉሜ ነው ያስቀመጥኩት። መግለጫው ግን አማርኛ ይቀበላል። ችግሩ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ብዙ ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍ የሚቆራርጥበት ቁራጭ) ይበላል፣ መግለጫውም በየጥሪው አብሮ ይላካል። እኔ አረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ፣ ምሳሌዎቹን በአማርኛ እጽፋለሁ። የመፈለጊያው የአሁኑ መግለጫ በአማርኛ ሲነበብ ይህን ይመስላል፦

«በተጠየቀው ቀን ነፃ የሆኑ መኪኖችን ይዘረዝራል። አያስይዝም፣ ዋጋም አይሰጥም። መነሻ ወይም መድረሻ ካልተነገረህ አትገምት፣ ጠይቅ። ባዶ ዝርዝር ማለት በዚያ ቀን ነፃ መኪና የለም ማለት እንጂ የኔትወርክ ችግር አይደለም።»

ትልቁን ለውጥ ያመጣው «አያስይዝም» የሚለው ነው። ቱሉ የማይሠራውን ካልጻፍክ ሞዴሉ በጎረቤቱ ቱል ይገባል፤ ዋጋ ብቻ ለጠየቀ ሰው መኪና ያስይዛል። ማስያዣውን ግን በመግለጫ ብቻ አላመንኩትም። ኮዱ ራሱ የደንበኛውን ማረጋገጫ ይጠብቃል። በየጥያቄው ልዩ መለያ ቁጥርም አለ፤ መልስ ዘግይቶ ሞዴሉ ደግሞ ቢጠራ ያው አንድ ጭነት ሁለቴ አይያዝም።

የቦታ ስም የራሱ ጣጣ አለው። ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ኃይቅ፤ ወልዲያ፣ ወልድያ፤ ኮምቦልቻ፣ ከምቦልቻ። ይህን መግለጫ ውስጥ መዘርዘር ቦታ ማባከን ነው፤ ተመሳሳይ ፊደላቱን ኮዱ አንድ ያድርጋቸው፣ የቀሩትን የአጻጻፍ ልዩነቶች አጭር ሠንጠረዥ ይያዝ። መግለጫ የሚያሻው «ደሴ ሰኞ ገበያ አድርሱልኝ» ለሚለው ነው። ሞዴሉ ሰኞን ወስዶ ቀን ላይ ይከታል። «ሰኞ ገበያ ደሴ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው» የሚል አንድ መስመር ገላገለኝ።

የስህተት መልእክትም መግለጫ ነው። «ስህተት 400» ሲመለስለት ሞዴሉ ያንኑ ጥሪ ይደግማል። «የተላከው ቀን አልፏል፤ አቆጣጠሩን አረጋግጥ፣ ካልሆነ ደንበኛውን ጠይቅ» ሲባል ያርማል።

ለሙከራ ደንበኞች በሚጽፉበት አኳኋን 30 መልእክት አዘጋጅቼ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ አስኬዳለሁ፤ ለአንድ መልእክት ሁሌ አንድ ዓይነት ጥሪ አይመጣምና። በአንድ ዙር የምነካው አንድ መግለጫ ብቻ ነው። የማነበውም የኤጀንቱን መልስ ሳይሆን ሎጉ (የጥሪዎቹ መዝገብ) ላይ ያለውን፣ ወደ ቱሉ የተላከውን እሴት ነው። መልሱማ «መኪና የለም» ሲልም ያምራል።