ሠንጠረዡን ከታች ወደ ላይ

ደንበኛው የላከልን ፕሮግራም የኤክሴል ሠንጠረዥ ነበር። ሰዓቱ ሁሉ በቀለም ተለይቷል። ሰማያዊው መርከብ፣ ቢጫው ሆቴል፣ አረንጓዴው ምግብ። ከአቴንስ ሚኮኖስ፣ ከሚኮኖስ ሳንቶሪኒ፣ ከሳንቶሪኒ ናክሶስ (ሦስቱም የግሪክ ደሴቶች ናቸው)፣ በመጨረሻው ቀን ጠዋት ከናክሶስ በፈጣን መርከብ ፒሬየስ ወደብ፣ ከወደቡ በቀጥታ ኤርፖርት፣ ማታ በረራ። ይሄ ሁሉ በአንድ ሳምንት፣ ያውም በኦገስት አጋማሽ። እውነቱን ለመናገር ሲያዩት ያምራል። እንደዚህ ተጠንቅቆ የሚመጣ ደንበኛ ብዙ የለም።

የምሠራው አቴንስ ውስጥ አነስ ያለ የጉዞ ወኪል ቢሮ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሲደውል ስልኩን ለኔ ያቀብሉኛል፤ እነዚህም የደረሱኝ በዚያ መንገድ ነው። ሰውዬው፣ ባለቤቱና እናቱ። እናትየውን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ይሄ ሠንጠረዡ ላይ የለም። እኔም ያወቅኩት ስልኩ ላይ ከኋላ "ደረጃ ይበዛል ወይ ብለህ ጠይቀው እስቲ" ሲሉት ሰምቼ ነው።

ቢሯችን ውስጥ በዚህ ሥራ ያረጁ አንዲት ግሪካዊት አሉ። የመርከብ ጥያቄ ከሆነ ማናጀሩም ሳይቀር እሳቸው ጋ ነው የሚሄደው። ሠንጠረዡን አሳየኋቸው። ከላይ አልጀመሩም። እስከ ታች ወርደው የመጨረሻዋን መስመር አነበቡና "ሜልቴሚ ቢነሳስ?" አሉኝ። ስለ ሚኮኖስ ሆቴልም ሆነ ስለ ሳንቶሪኒ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ሜልቴሚ በበጋ ኤጅያን ባሕር ላይ ከሰሜን የሚነፍስ ደረቅ ነፋስ ነው። ዋናው ጊዜው ጁላይና ኦገስት ነው። በባልካን በኩል የአየሩ ግፊት ከፍ ይላል፣ በቱርክ በኩል ደግሞ ከሙቀቱ የተነሳ ይወርዳል፤ በመሀሉ አየሩ ባሕሩን አቋርጦ ይጋልባል። አንዴ ከጀመረ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ሰው የሚሳሳተው ሰማዩን አይቶ ነው። ዝናብ የለም፣ ደመና የለም፣ ፀሐዩ ቦግ ብሏል። ወደብ ላይ ግን ስለ ፀሐይ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም "ዛሬ ስንት ቦፎር ነው?" ነው የሚለው። ቦፎር የነፋስ ጉልበት መለኪያ ነው። 8 ቦፎር ከደረሰ ነፋሱ በሰዓት ከ62 እስከ 74 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው ማለት ነው። ጉልበቱ ከልክ ሲያልፍ ወደቡን የሚቆጣጠሩት ሰዎች መርከብ እንዳይወጣ ያግዳሉ። ፈጣኖቹና ትንንሾቹ ቀድመው ይታሰራሉ። ዝግ ብለው የሚሄዱት ትልልቆቹ ትንሽ ይቋቋማሉ።

ሠንጠረዡ ላይ የነበረው ደግሞ ፈጣኑ ነው።

ደወልኩለት። "ወንድሜ፣ የመጨረሻዋን ሌሊት አቴንስ እደሩ።"

"ለምን ሲባል?"

"ነፋስ ከተነሳ መርከቡ ላይወጣ ይችላል። አውሮፕላኑ ደግሞ አይጠብቃችሁም።"

"እኔ ያየሁት ትንበያ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ነው።"

"ፀሐይማ ይሆናል።"

"ታዲያ ችግሩ ምንድነው?"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ነበረብኝ። የመርከቡ ትኬትና የአውሮፕላኑ ትኬት አይተዋወቁም። ለየብቻ የተገዙ ናቸው። መርከቡ ከቀረ የመርከብ ድርጅቱ ገንዘብህን ይመልሳል ወይም በሚቀጥለው ያሳፍርሃል፤ በአውሮፓ ኅብረት የባሕር ተጓዦች ደንብ መብትህ ነው። ግን የቀረው በአየር ጠባይ ምክንያት ከሆነ ካሣ የሚባል ነገር የለም፣ የሆቴል ወጪህንም የመሸፈን ግዴታ የለበትም። ስላመለጠህ በረራ ደግሞ ማንም አይጠየቅም። ይሄን ሁሉ ስነግረው በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ የናክሶስን አንድ ሌሊት ከቆረጥን ሦስት ነገር እንደሚበላሽበት ቆጠረልኝ። በዚያ ላይ "አቴንስ አንድ ሌሊት ጨምሩ" የሚል ወኪል ኮሚሽን ፈልጎ እንደሆነ ጠርጥሯል። አልፈርድበትም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እጠረጥራለሁ።

እንዳለው ቡክ አደረግንለት። የቢሯችን ሴትዮ ግን ሁለት ነገር አስጨመሩ። አንደኛው አቴንስ ውስጥ ያለ ክፍያ የሚሰረዝ ክፍል ነው። ሁለተኛው የእናትየው ቪዛ ነው። እሳቸው ሸንገን ቪዛ የሚያስፈልገው ፓስፖርት ነው የያዙት። ስቲከሩ ላይ መቆየት የሚፈቀድላቸው የቀን ብዛት ይጻፋል፣ ስለዚህ ማመልከቻው ላይ ከፕሮግራሙ ትንሽ ትርፍ ቀን እንዲጠየቅ አደረጉ። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ከ15 ቀን በፊት። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ግዴታ ነው። ለኦገስት ጉዞ ጁላይ ላይ ቀጠሮ ፍለጋ የሚጀምር ሰው በየዓመቱ አይጠፋም፤ ለሱ ምንም ማድረግ አይቻልም።

መጡ። ሚኮኖስ ሰላም ነበር። ሳንቶሪኒ ላይ ኦያ መንደር ሲደርሱ እናትየው ደረጃውን አይተው "እናንተ ሂዱ" ብለው ጥላ ያለበት ወንበር ይዘው ቀሩ። በኋላ እንደነገሩኝ ከጉዞው ሁሉ የወደዱት እሱን ሰዓት ነው። ለሽርሽር የወጣ ሰው መቀመጥም ይፈልጋል፤ እኛ አቃጆች ይሄን የምናስታውሰው የጎደለ ጊዜ ነው።

ደንበኞቹ ናክሶስ እያሉ ሴትዮዋ ቢሮ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የባሕሩን ትንበያ ሲከፍቱ አያቸው ነበር። ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ጠሩኝ። ካርታው ላይ ኤጅያን መሀሉ ቀልቷል። "ነገ ማታ በትልቁ መርከብ ይውጡ፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት ፈጣኑ አይሄድም" አሉ። ችግሩ ቀኑ ነው። ኦገስት 15 ግሪኮች የእመቤታችንን በዓል የሚያከብሩበት ነው፤ ቲኖስ ደሴት በተሳላሚ ትጥለቀለቃለች፣ አገሩ ሁሉ ዕረፍት ላይ ነው፣ ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ሁሉም ይመለሳል። ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። እንደምንም ሦስት መቀመጫ አገኘን፤ ተራርቀው፣ ግን ተገኘ።

ስደውልለት ፖርታራ አጠገብ ነበር። ናክሶስ ወደብ አፍ ላይ ብቻውን የቆመ ትልቅ የእብነ በረድ በር ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ለአፖሎ ቤተ መቅደስ ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ። መልስ ሳይሰጠኝ ስልኩን ዘጋና ቪዲዮ ላከልኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ። ሰዎች ፎቶ ይነሳሉ። እሱ እጁን ወደ ሰማይ እየጠቆመ የሆነ ነገር ይለፈልፋል፣ ግን አንድ ቃል አይሰማም። ማይኩ ላይ የሚሰማው ፉፉፉ የሚል ነፋስ ብቻ ነው። የባለቤቱ ኮፍያ በረረና ስትሮጥ ትታያለች።

ቪዲዮውን ለሴትዮዋ አሳየኋቸው። ዓይተው ሲጨርሱ "ድምፁን ከፍተህ መልሰህ ላክለት" አሉኝ።

ላክሁለት። ከትንሽ ቆይታ በኋላ የደወሉት እናትየው ናቸው።

"ልጄ፣ አውሮፕላኑ ቢያመልጠን ቪዛዬስ?"

"እማማ፣ ቪዛዎ ትርፍ ቀን አለው፣ እሱ አያሳስብዎት። የሦስታችሁ የአውሮፕላን ትኬት ግን ይቃጠላል።"

"በቃ። ነገ ማታ እንወጣለን። እሱን ለኔ ተወው።"

ከዚህ በኋላ ያለው የሥራውን ጓዳ የሚያሳይ ነው። እኔ የፈጣኑን መርከብ ትኬት ልሰርዝ ኮምፒውተሩን ስከፍት ሴትዮዋ "እንዳትነካው!" ብለው ጮኹ። ራስህ ከሰረዝክ የመርከብ ድርጅቱ ቅጣት ይቆርጣል፣ የመጨረሻ ሰዓት ላይ ከሆነማ ምንም ላይመለስ ይችላል። በእገዳ ከተሰረዘ ግን ሙሉው ይመለሳል። እኛም ጠበቅን። እነሱ በትልቁ መርከብ ከአምስት ሰዓት በላይ ተጉዘው ሌሊት ፒሬየስ ገቡ፣ ያ የተያዘው ክፍል ውስጥ ተኙ። ጠዋት የእገዳው ዜና መጣ። የፈጣኑ ትኬት ሙሉ ዋጋ ተመለሰ።

ያ ትርፍ ቀን አቴንስ ውስጥ ባለው የጥንት ቤተ መቅደሶች ኮረብታ፣ አክሮፖሊስ ላይ አለፈ። እሱም ቢሆን ያለ ቀጠሮ አይገባም። በቀን ከ20,000 ሰው በላይ አያስገቡም፣ ትኬቱ ላይ የመግቢያ ሰዓት ይጻፋል፣ ዋጋው ከ2025 ጀምሮ 30 ዩሮ ሆኗል። ሙቀቱ ሲከፋ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ይዘጉታል፤ 2023 እና 2024 ላይ አድርገውታል። ስለዚህ የጠዋቱን ሰዓት ያዝንላቸው። ለእናትየው በሰሜን በኩል መራመድ ለሚቸገሩ ሰዎች የተሠራ ሊፍት አለ። ሠንጠረዡ ላይ አክሮፖሊስ በመጀመሪያው ቀን ከረዥም በረራ በኋላ በከሰዓቱ ፀሐይ ነበር የተያዘው።

ሰውዬው አመሰገነን? አመሰገነ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ያላደሩበት የናክሶስ ሌሊት ተከፍሎበታል፣ ሆቴሉ አልመልስም አለ። እሱ ይሄ የኛ ዕዳ ነው አለ። ሴትዮዋ አይደለም አሉ፤ "የመጨረሻዋን ሌሊት አቴንስ እደሩ" ያልነው ከወራት በፊት በስልክም በኢሜይልም ነው፣ ኢሜይሉም አለ። እዚያው ኤክሴሉን ከፍቶ የተመለሰለትን የመርከብ ዋጋ ከሆቴሉ ቀንሶ ኪሳራውን አሳየኝ። የሦስት ሰው አዲስ የአውሮፕላን ትኬት በኦገስት ስንት እንደሚሆን የሚያሳይ ዓምድ አልነበረውም። ዝም አልኩ። ደንበኛ ነው።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም ስሠራ የምጀምረው ከመመለሻው በረራ ነው። መጀመሪያ የመጨረሻዋን ሌሊት ዋናው መሬት ላይ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ብዙ ጊዜ ራቅ ያለውን ደሴት መጀመሪያ አደርገዋለሁ። ሳንቶሪኒ በአውሮፕላን ይሄዱና ከዚያ በመርከብ እየተመለሱ ወደ አቴንስ ይቀርባሉ፤ ቀናቸው ሲያልቅ ኤርፖርቱ ደጃፍ ናቸው ማለት ነው። ለሚኮኖስ ደግሞ ሁልጊዜ ፒሬየስ አይደለም፣ ራፊና ወደብ ለኤርፖርቱ በጣም ይቀርባል። ፒሬየስ ከሆነም ከ2022 ጀምሮ ሜትሮው ከኤርፖርት እስከ ወደቡ ይደርሳል፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በሳምንት ሦስት ደሴት የሚል ሰው ሲመጣ ሁለት እንዲሆን እለምናለሁ። ሻንጣ ማሸግና መፍታት፣ ወደብ ላይ መቆም፣ የዘገየ መርከብ መጠበቅ ግማሹን ቀን ይበላዋል።

ማናጀራችን በዚህ አልተደሰተም። አንድ ደሴት ሲቀነስ አንድ ሆቴልና አንድ መርከብ ነው የሚቀነሰው፣ ኮሚሽኑም አብሮ ይሄዳል። "ነፋሱ በየቀኑ አይነሳም፣ ብዙው ሰው ይደርሳል" ይላል፤ ልክ ነው፣ ብዙው ሰው ይደርሳል። ከብዙ ክርክር በኋላ ለጁንና ለሴፕቴምበር ደንበኛው ካወቀና በጽሑፍ ከተስማማ በዚያው ቀን መርከብና በረራ ማያያዝ እንዲቻል ተወስኗል። ለጁላይና ለኦገስት ግን ሴትዮዋ አንፈርምም ብለዋል። ማናጀሩ ደግሞ በመጪው ዓመት እንደገና እናየዋለን ይላል።