«ተሰብሯል» የተባለው ፈረስ

«ተሰብሯል፤ አትድከም፣ አውጥተህ ጣለው።» ይህን ለባለጋሪው የነገረው እንደ እኔው የእንስሳት ሐኪም የሆነ የሙያ ባልደረባዬ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ፣ እጁን ሳያሳርፍበት። ትዝ ባለኝ ቁጥር ያንገበግበኛል። ደብረ ብርሃን ላይ ፈረስ ማታ ሜዳ ላይ ተጣለ ማለት ለጅብ ተሰጠ ማለት ነው።

ጠዋት ከበረት ሲወጣ የግራ የኋላ እግሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ቀርቷል። የሰኮናው ጫፍ መሬት እየፋቀ ይጎተታል። ባለጋሪው ከእኔ በፊት የሰፈሩን ወጌሻ ጠርቶ ነበር። ሽማግሌው ደህና አድርገው ዳስሰው «ስብራት አላገኘሁበትም፤ የፈረስ ጉልበት ግን አላውቅም፣ የሚያውቅ ጥራ» ብለው ሄዱ። እኚህን ሰው አከብራቸዋለሁ።

ከታፋው እስከ ሰኮናው ድረስ ዳሰስኩት። እብጠት የለም፣ ትኩሳት የለም፣ የሚንኳኳ አጥንት የለም። ስጫነውም አልተቆጣም። ከሰኮናው በላይ ያለው መገጣጠሚያ ይታጠፋል፤ ጉልበቱና ቋንጃው ግን አብረው እምቢ ብለዋል። የጉልበቱ ሎሚ ወደ ላይ ወጥቶ እዚያው ተይዟል።

«ልጓሙን ያዝና ወደ ኋላ ግፋው» አልኩት ወጣቱን ባለጋሪ።

«በዚህ እግሩ? ወደ ኋላ?»

«ግፋው ወንድሜ።»

እሱ ሲገፋ እኔ ሎሚውን ወደ ውስጥና ወደ ታች ተጫንኩ። ቀጭ አለና እግሩ ታጠፈ። ልጁ ልጓሙን ለቆ ጋማው ላይ ተጠመጠመ። «ዶክተር፣ ምን አደረግከው?» ይላል ደጋግሞ።

«ሌሊት ቆሞ ሲያሸልብ አይተኸው ታውቃለህ?»

«ሁልጊዜ። አንዱን የኋላ እግር ያሳርፋል።»

«የቆመበት እግር ለምን አይከዳውም?»

ዝም አለ። የሰው የጉልበት ሎሚ ወደ ታች የሚያዘው በአንድ ጅማት ነው፤ የፈረስ ግን በ3። ፈረሱ ለማረፍ ሲፈልግ የታፋው ጡንቻ ሎሚውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ያኔ ውስጠኛው ጅማት ከጭን አጥንቱ ጫፍ ባለ ጉብታ ላይ ገብቶ እንደ በር መቀርቀሪያ ይቆልፈዋል። ቋንጃውም ከጉልበቱ ጋር በጅማት የተሳሰረ ስለሆነ አብሮ ይቆለፋል። ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን ገላ ጡንቻውን እምብዛም ሳያደክም ቆሞ የሚያድረው በዚህ ነው። አጥንትና ጅማት ጡንቻን እንዲህ የሚያሳርፉበት ሌላ ቦታ ባይ ብዙ አላገኝም፤ ዛሬም ያስደንቀኛል።

«ታዲያ ዛሬ ለምን አልተከፈተም?»

ሎሚውን ከጉብታው አንስቶ የሚያላቅቀውም ያው የታፋ ጡንቻ ነው። የዚህ ፈረስ ታፋ ሟሟል፤ ቆዳው ከጎድኑ ጋር ተጣብቋል። ልጁ አልደበቀኝም፦ ባጃጁ ተሳፋሪውን ከወሰደበት ወዲህ ፈረሱ ታስሮ ይውላል፣ የሚበላውም ጭድ ብቻ ነው። «ካልሠራ በምን ላብላው?» አለኝ። ለዚህ በቂ መልስ አልነበረኝም። ቢያንስ ፉርሽካ እንዲጨምርለት፣ ጋሪ ሳይጭን በየቀኑ እንዲያራምደው፣ ሲበረታ ዳገት እንዲያስወጣው ነገርኩት። እያወራን ጥቂት እንደተራመደ እግሩ እንደገና ተያዘ። በዚህ ጊዜ ግን ልጁ እኔን አልጠበቀም፤ ራሱ ወደ ኋላ ገፍቶ አስለቀቀው።

ፈረሱ ቀስ በቀስ ሥጋ አወጣ፤ መያዙም እየራቀ ሄደ። ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ጅማቱን ቁረጠውና ተገላገል» አለኝ። መቁረጥ ሌላው ሁሉ ሲያቅት የሚደረግ ነው፤ ጅማቱ ደግሞ ጤነኛ ነው፣ የደከመው ጡንቻው ነው። ይህንኑ ነግሬው «መጥተህ ዳስሰው» አልኩት። እስካሁን አልመጣም።