በሐመሩ ሐ ሲፈለግ የጠፋው ሐረር

ባለፈው ድሬ ከዚራ ዛፍ ስር ቁጭ ብዬ በስልኬ የአንድ ላይብረሪ ካታሎግ ላይ ስለ ሐረር የተጻፈ ነገር ስፈልግ በሐመሩ ሐ ስጽፈው ምንም የለም አለኝ፣ በሃሌታው ሀ ስሞክረው ግን ተግተልትለው መጡ። መጽሐፎቹ እኮ መደርደሪያው ላይ አሉ! ተማሪው ግን የለም ሲባል አምኖ ይሄዳል፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ደሞ ሐዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ብለው መዝግበዋቸዋል። ዓለማየሁ አባታቸው ናቸው እንጂ እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም አይደለም፣ እኛ ጋ ሰው የሚፈለገው በራሱ ስም ነው። ዓመተ ምሕረቱም በኛ አቆጣጠር የታተመው እንደ ፈረንጆቹ ተቆጥሮ ሲገባ 7 ወይ 8 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል።

በማግስቱ ሄጄ የየመጽሐፉን የርዕስ ገጽ ፎቶ አነሳሁ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ጻፍኩ፣ የተሳሳተውንና ትክክለኛውን ጎን ለጎን አድርጌ ላኩላቸው፣ ምክንያቱም ዝም ብሎ «ስህተት አለ» ቢባሉ ከየት ይጀምሩት?

ሐሙስ ለት የላይብረሪዋ ልጅ ደወለች። «ጋሼ፣ ሐረርን በሁለቱም ሀ እንዲገኝ አድርጌዋለሁ፣ እስቲ ይሞክሩት» አለችኝ። ሞከርኩት፣ መጣ። የስሞቹን ቅዳሜ አብረን እንቀመጥበታለን።