የዛገ የጢም ምላጭ በእጄ እንዴት እንዳደስኩ

አሮጌ ምላጭን ከዝገቱ በላይ የሚጎዳው ጥድፊያ ነው። ዝገት ብረቱን በልቶ ለመጨረስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ግራይንደር ግን በአፍታ ያበላሸዋል። የስለቱ ዳር እጅግ ቀጭን ስለሆነ ወዲያው ይግላል። ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ደግሞ ሲሠራ በእሳት የጠነከረው ብረት ለስልሷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢስሉትም ስለት አይይዝም። ስለዚህ ሥራውን በሙሉ በእጄ ነው የሠራሁት።

ምላጩን የሰጡኝ እዚሁ ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ የሚኖሩ ሽማግሌ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። አሁን ፀጉር ቤት ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ምላጭ ነው የሚቀየረው፤ ለጤናም መሆን ያለበት ይኸው ነው። የድሮው የሚታጠፈው ግን መሳቢያ ውስጥ ዝጎ ቀረ። «አባባ፣ እኔ ልሞክረው?» ስላቸው፣ «ውሰደው ልጄ፤ ብቻ ጽሑፉን እንዳታጠፋብኝ» አሉኝ። ጽሑፉ አንገቱ ላይ፣ ማለትም በስለቱና በእጀታው መካከል ባለው ብረት ላይ፣ የተቀረጸው «ሶሊንገን» የሚለው ነው። በስለት ሥራ የታወቀች የጀርመን ከተማ ናት፤ እንግሊዞች ሼፊልድ፣ ፈረንሳዮች ቲዬር እንዳላቸው።

አስቀድሜ ያየሁት የስለቱን ዳር ነው። ቀይ ዝገት ላይ ላዩን ስለሆነ ይለቃል። የሚያሳስበው ወደ ውስጥ የሚቆፍረው ጥቁሩ ነው። ጉድጓዱ መሃል ላይ ከሆነ ምንም አይልም፤ ዳሩ ድረስ ከዘለቀ ግን ምላጩ በተሳለ ቁጥር ይሸረፋል። ስንጥቅ ካለበትማ ጨርሶ አይደከምለትም። የአባባ ምላጭ ዳሩ ደህና ነበር።

ስለቱን በናስትሮ ሸፈንኩና ምላጩን ጣውላ ላይ አስተኛሁት። በአየር ላይ ይዘው ከፈተጉት ቀጭኑ ብረት ይለመጣል፣ ሊሰበርም ይችላል። መኪና ቀለም ቀቢዎች ከውሃ ጋር የሚጠቀሙበትን ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት ቡሽ ላይ ጠቅልዬ፣ ላምባ እያስነካሁ ከ400 ቁጥር ጀመርኩ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል። ከ400 የሻከረው ወረቀት ዝገቱን ቶሎ ቢያነሳም፣ እሱ የጫረውን ማጥፋት ሌላ ሥራ ነው። ከ400 ወደ 600፣ ከዚያ 800፣ 1000፣ እስከ 2000። በአንዱ ቁጥር በቁመቱ ከሄድኩ፣ በሚቀጥለው ከጀርባው ወደ ስለቱ እፈትጋለሁ፤ ያኔ የቀደመው ጭረት አግድም ስለሚታይ ጠፍቶ እንደሆነ ዓይን አይስተውም። ወደ ስለቱ ስፈትግ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ሲመለስ ዳሩን ይነክሳል።

ጀርባውን አልነካሁትም። ምላጭ ሲሳል ጀርባውና ስለቱ እኩል ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ፤ የስለቱን ማዕዘን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነው። እሱ ከተዛባ ስለቱም ይዛባል። ጽሑፉ ያለበትን አንገትም በላምባ በራሰ ጨርቅ ብቻ ጠረግኩት።

ጥቂት ጥቁር ነጥቦች ቀርተዋል፤ አውቄ ነው የተውኳቸው። እነሱን ለማጥፋት ምላጩን በሙሉ ማሳሳት ያስፈልግ ነበር። እንደ መስታወት ያበራ ምላጭ ያምራል፤ እኔ ግን ብረቱ ቢተርፍ እመርጣለሁ።

አዲስ የተፈተገ ብረት ላብ ያለበት ጣት ከነካው አሻራው ሳይቀር ዝገት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በጨርቅ እየያዝኩ፣ መኪና ግርግር በሚባለው ጎዳና ካሉት ልብስ ሰፊዎች ያገኘሁትን የስፌት መኪና ዘይት ቀባሁት። እጀታው ቀንድ ስለሆነ ከውሃ አርቄ እሱንም ዘይት አስነካሁት። እጀታው ሴሉሎይድ የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ እለየው ነበር፤ ሴሉሎይድ ሲያረጅ የሚያወጣው ጋዝ ብረቱን ያዝጋል።

በመጨረሻ 1000 ከዚያም 8000 መሳያ ድንጋይ ላይ፣ በስሱ፣ ሳልጫን ሳልኩት። መብራት ሥር ሲታይ ዳሩ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ገና አልተሳለም፤ የተሳለ ዳር ብርሃን አይመልስም። ከድንጋዩ በኋላ ምላጩ የመሳያ ቆዳ ላይ ይታሻል፤ ሲታሽ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል፤ በተቃራኒው ከሆነ ቆዳውንም ስለቱንም ያጠፋል።

ተጠቅመው ሲጨርሱ አጥቦ በደንብ ማድረቅ ነው። የቆዳ ማኅደር ውስጥ አይቀመጥም፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ክረምት ሲገባ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ማደስ ያስፈልጋል።