ከኤርፈርት እስከ ጎታ፦ አንድ ሴሚስተር በጀርመን

የ2016 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ካለፈ ጥቂት ቀናት በኋላ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት በረርሁ፤ ከዚያም በፈጣን ባቡር ከሁለት ሰዓት በላይ ወደ ምሥራቅ ተጉዤ ኤርፈርት ገባሁ። ኤርፈርት የቱሪንጊያ ግዛት ዋና ከተማ ብትሆንም ስሟ እንደ በርሊን ወይም እንደ ሙኒክ በአገራችን ብዙ አይጠራም። ለታሪክ ተማሪ ግን እንግዳ አይደለችም፤ የግእዝንና የአማርኛን ሰዋስው ጽፎ በአውሮፓ ያሳተመው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1624 የተወለደው እዚህ ነው። (ይህና ከዚህ በታች የአውሮፓን ታሪክ የሚመለከቱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ለአንድ ሴሚስተር የሚሆን የትምህርት ዕድል ሳገኝ ከቀረቡልኝ አማራጮች ይህችን ከተማ የመረጥሁትም በእርሱ ምክንያት ነው።

የኤርፈርት ዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ለመናገር ያስቸግራል። ትምህርት የጀመረው በ1392 ሲሆን፣ ማርቲን ሉተር ወደ ገዳም ከመግባቱ በፊት ከ1501 እስከ 1505 ተምሮበታል። በ1816 ተዘግቶ እስከ 1994 ድረስ አልተከፈተም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በብዙ መቶ ዓመታት ይበልጣል ማለትም ያንሳል ማለትም ይቻላል፤ ግቢው ውስጥ ስመላለስ ሁለተኛው ይበልጥ እውነት ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በወረቀት ጉዳይ አለፉ። በጀርመን ቤት የተከራየ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን በከተማው አስተዳደር ማስመዝገብ ይኖርበታል፤ ያለዚያ የምስክር ወረቀት የባንክ ሒሳብ መክፈትም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ አስቸጋሪ ነው። የጤና መድን ግዴታ ነው። በራሱ ወጪ የሚመጣ ተማሪ ከዚህ በፊት፣ ገና ቪዛ ሲጠይቅ፣ በዚያን ጊዜ ተመን ለአንድ ዓመት የሚበቃ 11,208 ዩሮ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ ይጠበቅበት ነበር። ከዚያ ሒሳብ በየወሩ ከ934 ዩሮ በላይ ማውጣት አይቻልም ነበር። የእኔን ወጪ ዕድሉን የሰጠኝ ፕሮግራም ስለሸፈነልኝ ከዚህ ጭንቅ ድኛለሁ፤ አብረውኝ ቋንቋ የተማሩ ጓደኞቼ ግን አብዛኞቹ የቀሩት በዚሁ ገንዘብ ምክንያት ነው።

ትምህርቱ ሲጀመር ያስገረመኝ የክፍለ ጊዜው ማነስ ነበር። አንድ ሴሚናር በሳምንት አንድ ጊዜ ለ90 ደቂቃ ብቻ ይካሄዳል። በአራት ሰዓት ይጀመራል የተባለው ትምህርት በልማድ የሚጀመረው ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ በብዙ ሴሚናሮች የሚቆጣጠር የስም መጥሪያ የለም። መምህሩ ረጅም የንባብ ዝርዝር ሰጥቶ ይሄዳል፤ ተማሪው አንብቦ ካልመጣ የሚያፍረው በጓደኞቹ ፊት እንጂ በመምህሩ ፊት አይደለም። ንግግሩ ሲያበቃ ተማሪዎች በማጨብጨብ ፈንታ ጠረጴዛውን በጣታቸው መገጣጠሚያ ያንኳኳሉ። በመጀመሪያው ቀን መምህሩን ሊያስወጡት የፈለጉ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ስድስት ኪሎ በሚገኘው ጎተ ኢንስቲትዩት የተማርሁት ጀርመንኛ ለገበያና ለቢሮ ቢበቃም፣ ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚከራከሩበትን ክፍል ለመከታተል ግን እስከ ኅዳር መጨረሻ መታገል ነበረብኝ።

ሴሚናሩ የሚያተኩረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ በተጓዙ ሰዎች ላይ ስለነበር፣ ኢትዮጵያ በተነሣች ቁጥር ሁሉም ዞረው እኔን ያዩ ነበር። ስለ ዘመን አቆጣጠራችን፣ ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ስለ ቅርቡ ጦርነት፣ ስለ ጾም፣ ስለ ቡና ይጠይቁኛል። ጥያቄዎቹ በቅን ልብ የቀረቡ ናቸው፤ እኔም መጀመሪያ በኩራት፣ በኋላም በድካም እመልስ ነበር። እያደር ግን ከመልሴ ይልቅ ጥያቄያቸውን ማጤን ጀመርሁ፤ ጥያቄ የጠያቂውን አገር ጭምር ያሳያልና።

ይህን ሐሳብ ያጠነከረልኝ ወደ ጎታ የማደርገው ጉዞ ነው። ጎታ ከኤርፈርት በስተ ምዕራብ በባቡር የሩብ ሰዓት ያህል መንገድ ናት፤ የዩኒቨርሲቲው የምርምር ቤተ መጻሕፍትም የሚገኘው በዚያ፣ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ጌታው ዱክ ኤርንስት ቀዳማዊ ሕንፃውን ያስጀመሩት በ1643፣ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ሳያበቃ ነበር። ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ በ1652፣ እነርሱ በጋ እኛ ክረምት በምንለው ወራት፣ የዱኩ እንግዳ ሆነው ሲመጡ ግንባታው ገና አላለቀም ነበር። ሉዶልፍ እኚህን የመካነ ሥላሴ ሰው ያገኛቸው በ1649 ሮም ነው። ግእዝን ከመጻሕፍት ብቻ የተማረው ወጣት ከባለቋንቋው ጋር በግእዝ መነጋገር ቻለ፤ አማርኛንም የተማረው ከእርሳቸው ነው። ጎርጎርዮስ በ1658 መርከባቸው ተሰብራ በባሕር ላይ አረፉ፤ ሉዶልፍ ደግሞ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ።

በንባብ ክፍሉ ብዕር ክልክል ነው፤ በእርሳስ ብቻ ይጻፋል። መጽሐፉ በለስላሳ ማስደገፊያ ላይ ተዘርግቶ ይቀርባል። የ1698ቱን ሰዋስው ሳገላብጥ ከላቲኑ መካከል አማርኛው ብቅ ሲል ፊደሎቹን ከማንበቤ በፊት በጣቴ ነካኋቸው፤ የክፍሉ ሠራተኛ አየችኝ፣ ግን ምንም አልተናገረችኝም። ሉዶልፍ ታሪኩን ለማብራራት በ1691 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስ ሥዕል አለ። ያን ሥዕል ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

በጎታ አባ ጎርጎርዮስ ስለ እምነታቸው፣ ስለ ሥርዓተ መንግሥቱ፣ ስለ አገሩ ልማድ ተጠይቀዋል። ጠያቂዎቹ ሉተራውያን ነበሩ፤ ከሮም ሥልጣን ውጭ የቆየች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን መኖሯ ለራሳቸው ክርክር ትልቅ ምስክር ይሆናቸው ነበር። ተጠያቂው ደግሞ በአገራቸው ከኢየሱሳውያን፣ ማለትም ከካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ጎን የቆሙና በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሰደዱ ናቸው። እንዲህ ያለው ጠያቂና እንዲህ ያለው ተጠያቂ ሲገናኙ የሚወለደው ዕውቀት ከሁለቱም ወገን ቁስል የወጣ ይመስለኛል፤ ስለ ኢትዮጵያ ጥናት አጀማመር ስንናገር ይህን የምንዘነጋው ሉዶልፍን በማክበር ብቻ ስለምንጠመድ ነው።

ከዚህ በኋላ እኔም መጠየቅ ጀመርሁ። ለውጭ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ ጀርመንኛ የሚያለማምዱ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ነበሩ። ኤርፈርት እስከ 1990 በምሥራቅ ጀርመን ሥር እንደነበረች ስለማውቅ፣ በዚያ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ ምን ይሰሙ እንደነበር ጠየቅኋቸው። «ቡና» አሉኝ ወዲያውኑ። በ1977 የዓለም የቡና ዋጋ ሲንር መንግሥታቸው ከግማሽ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ቡና ያለበት፣ የቀረው ከእህልና ከመሳሰለው የተቀላቀለ ዱቄት ለገበያ አቀረበ፤ ሕዝቡ አጉረመረመ። መንግሥቱም ከደርግ ጋር ተዋውሎ ለኢትዮጵያ ቡና በለውጡ መሣሪያና የጭነት መኪና ላከ። ለመምህርቷ ይህ የቁርስ ጠረጴዛ ትዝታ ነው፤ ያ ዓመት በእኛ ዘንድ የቀይ ሽብርና የሶማሊያ ወረራ ዘመን መሆኑን ስነግራቸው ጽዋቸውን አስቀምጠው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውይይታችን በሁለቱም አቅጣጫ ሄደ።

ክረምታቸው ከባድ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ዐሥር ሰዓት ሲያልፍ ትጠልቃለች፤ እሑድ ሱቆች ስለሚዘጉ ከተማው ጭር ይላል። የእነርሱ ገና ሲያልፍና በካቴድራሉ አደባባይ የነበረው ገበያ ሲነሣ፣ የእኛን ለማክበር ወደ ፍራንክፈርት ሄድሁ። በዚያ ዓመት በዓሉ የዋለው ታኅሣሥ 28 እሑድ ስለነበር ትምህርት አላመለጠኝም። ምእመናኑ ሌሊቱን ያደሩት ከጀርመኖች በተከራዩት ቤተ ክርስቲያን ነው። አጠገቤ የቆሙ እናት ነጠላዬን ዳስሰው «ልጄ፣ ይኼ ለዚህ አገር አይሆንሽም፣ ነይ ከጋቢው ተጠጊ» ብለው ግማሹን አለበሱኝ። ከቅዳሴ በኋላ ዶሮ ወጥ ሲበላ የቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የማን ልጅ እንደሆንሁ ነው። ሉዶልፍ ሰዋስውን ያሳተመውና በ1704 የሞተው በዚሁ በፍራንክፈርት መሆኑን ለእኚያ እናት ስነግራቸው፣ «ታዲያ መቃብሩን ሄደሽ አላየሽም?» አሉኝ።

ትምህርቱ በየካቲት ሲያበቃ ከንባብና ከክርክር በኋላ የሚቀረው የሴሚናር ጽሑፍ ነው፤ እስከ መጋቢት መጨረሻ ጊዜ ይሰጣል። የጻፍሁት በጎታ ለአባ ጎርጎርዮስ ስለቀረቡት ጥያቄዎች ነው። ውጤቱ በኢሜይል የደረሰኝ አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ ሲሆን 1.7 ይላል። በጀርመን ከፍተኛው ውጤት 1.0፣ የማለፊያው ወሰን ደግሞ 4.0 ስለሆነ ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ለትምህርት ክፍሌ አስገባሁ። 4.0ን የከፍታ ጫፍ አድርጎ የሚያየው ጸሐፊ «አይዞሽ እህቴ፣ በውጭ አገር ቋንቋ ይህም አያንስም» ብሎ ካጽናናኝ በኋላ፣ የውጤት አሰጣጡን የሚያብራራ ደብዳቤ ከኤርፈርት እንዳስልክ ጠየቀኝ፤ ደብዳቤው አሁን በመንገድ ላይ ነው።