ከጣቃ ወደ ዛላ

ጥር 2018

ዛሬ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ በርበሬ በረንዳ ነበርኩ። መርካቶ ውስጥ 22 ዓመት ስነግድ ከሱቄ እስከዚያ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም ነበር። ሆኖም የምሄደው በዓመት አንዴ፣ ለቤት የሚሆን ለመግዛት፣ አፍንጫዬን በነጠላ ይዤ ነው። አሁን በርበሬ አዘጋጅቼ ስለምሸጥ በሳምንት ሁለት ቀን እመላለሳለሁ። ማስነጠሱም ለቆኛል።

የእኔ ሥራ ጨርቅ ነበር። ቴትሮን፣ ፖፕሊን፣ የሱፍ ጨርቅ፣ የዩኒፎርም ካኪ፤ ለልብስ ሰፊዎች በጣቃም በሜትርም እሸጣለሁ። ልጆቼን ያሳደግሁት በእነዚያ ልብስ ሰፊዎች ነው። ዝግጁ ልብስ ገበያውን ካጥለቀለቀው ወዲህ ግን እነሱም በየዓመቱ እየሳሱ ሄዱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ደግሞ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ገባ፤ አዲሱ ዓመት ሳይጠባ 100ን ተሻገረ። አንድ ጣቃ በሸጥኩበት ብር ሌላ ጣቃ መተካት አቃተኝ። በሸጥኩ ቁጥር መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። በጥቅምት 2017 የመርካቶው ሸማ ተራ ሲቃጠል እሳቱ እኔ ዘንድ አልደረሰም፤ ነገር ግን የማውቃቸው ሰዎች የዕድሜ ልክ ልፋት ሲነድ ቆሜ አይቻለሁ። በማግስቱ የቀረኝን ጣቃ ስቆጥር በልቤ ወስኜ ነበር።

“በዚህ ዕድሜሽ ከዜሮ?” ያላለኝ የለም። 51 ዓመቴ ነው።

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። መጥታ ስትመለስ የሻንጣዋ ግማሽ በርበሬና ሽሮ ነው፤ ተመዝኖ ሲያልፍ ልብስ ታስወጣለች እንጂ በርበሬ አታስወጣም። እዚህም ቢሆን የሸክላ ዱቄት የተቀላቀለበት በርበሬ ተያዘ ሲባል ያልሰማ ሰው የለም። እናቴ በርበሬ በምታዘጋጅበት ሰሞን ግቢያችን ለሁለት ሳምንት ሙሉ ነጭ ሽንኩርትና በሶብላ ይሸታል። ያንን በርበሬ የሚፈልግ ሰው ሞልቷል፤ ሁለት ሳምንት ያለው ሰው ግን የለም። ሐሳቤ ይኸው ነበር፣ ዛሬም ይኸው ነው።

ፈቃዱና የብቃት ማረጋገጫው ሦስት ወር ፈጀ። እሱን አልተርክም፤ የነገደ ያውቀዋል።

ከጨርቅ ይዤው የመጣሁት ነገር አለ። ዋና መንገድ ላይ ሱቅ አልተከራየሁም፤ ኪራይ ገበያ ኖረ አልኖረ ወሩ ሲደርስ በር ያንኳኳል። ግቢዬ ውስጥ ሁለት ክፍል አድሼ ጀመርኩ። ካለኝ ወረት ያስገባሁት ሲሶውን ብቻ ነው። የቤቱን ብርና የንግዱን ብር ለየሁ፣ ዕቁቤንም አላቋረጥኩም። ልምድ ባይኖረኝ ይህን ሁሉ አላደርግም፣ ባላደርግ ደግሞ ነሐሴ ላይ አልቆልኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ያከሰረኝ ዓይኔ ነው፣ 22 ዓመት ያበላኝ ዓይን።

ጨርቅ በዓይን ነው የሚገዛው። ጣቃውን ዘርግቼ ቀለሙ እኩል መያዙን አያለሁ፣ በጣቶቼ አሸት አድርጌ ዋጋ እሰጣለሁ። ዛላ ልገዛ ስወጣም ያንኑ አደረግሁ። ማረቆ ነው አሉኝ። ጥቁር ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እጅ ላይ ልስልስ የሚል፤ ሐር የያዝኩ መሰለኝ። ለእንቁጣጣሽ ለማድረስ ቸኩዬ ሁለት ኩንታል አስጫንኩ።

ዛላ ልስልስ ማለት የለበትም። በደንብ የደረቀ ዛላ ጆሮ አጠገብ ሲወዘውዙት ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል፣ ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የተረጨበት ግን ያምራል፣ ይታጠፋል፣ ድምፅ የለውም። በክረምት ደግሞ የሚያድነው ፀሐይ የለም። ዘጠኝ ቀን ኬሻው ውስጥ ቆየ። ሴቶቹ ሊቀነጥሱ ሲዘረግፉት ከመሐሉ ሙቀት ወጣ፣ እንደ ረጠበ ምድር ቤት ሸተተን። አንዱን ዛላ አንስቼ በጥፍሬ ሰነጠቅሁት። ውጪው እንደገዛሁት ቀይ ነው። ውስጡ ፍሬው እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ዙሪያውን ግራጫ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ለብሷል። ሌላ ሰነጠቅሁ። ሌላም። ሴቶቹ ሥራ አቁመው እጄን ያያሉ።

“አምሰሽ ከጥሩ ጋር ብትፈጪው ማን ያውቃል?” ያለኝ ሰው አለ። ክፋት አስቦ አልነበረም፤ አዝኖልኝ ነው። እውነቱንም ነው፣ ማንም አያውቅም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። ሻጋታ የሚተወው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ ዓይን አያየውም፣ ምጣድ ላይ ቢያምሱትም አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት በርበሬ ውስጥ የሚታገሰው ጠቅላላ መጠን በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው፤ አንዱ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። ለእህቴ ልጅ ሻንጣ የማልከተውን ለማን ልሸጠው? ጉድጓድ አስቆፍሬ ሁለቱንም ኩንታል ቀበርኩ። ልጄ ደህና የመሰለውን እየለቀመ አንድ ሰፌድ ሞልቶ መጣ፤ እሱንም ጨመርኩት። ልጄ ላይ ያን ቀን ጮኼበታለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጨርቅ ነጋዴውን ይጠብቃል። ዘንድሮ ያልተሸጠ ጣቃ ከርሞ ይሸጣል፣ ቢብስ በቅናሽ ይወጣል። በርበሬ ማንንም አይጠብቅም። መዝገቤ ላይ ኪሳራ ብዬ ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ ከዚህ የባሰ ጽፌ አውቃለሁ። ያመመኝ ሌላ ነው፦ የማላውቀውን ነገር የማውቅ መስሎኝ መግዛቴ።

ከዚያ አክስቴ ከደብረ ብርሃን መጣች። 74 ዓመቷ ነው። “አንቺ ልጅ፣ በክረምት በርበሬ የሚገዛ ማን አስተማረሽ?” አለችና ነጠላዋን አውልቃ ተቀመጠች። አዲሱ ምርት እስኪገባ አስጠበቀችኝ። ኅዳር ላይ አንድ ኩንታል ብቻ ገዛን። ጭራው ተቀንጥሶ፣ የተበላሸው ተለቅሞ 84 ኪሎ ቀረ፤ እኔ ዋጋ ያሰላሁት በ100 ነበር፣ እንደገና አሰላሁ። ከተወቀጠ በኋላ ከዝንጅብሉ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከጤና አዳሙና ከበሶብላው ጋር ደልዘን ሸፍነን አሳደርነው፣ ከዚያ ዳግም ፀሐይ። ኮረሪማውንና አዝሙዱን አክስቴ ለብቻ ታምሳለች፤ ምጣዱ ዘንድ ሌላ ሰው አታስጠጋም። ስንት ደቂቃ እንደሚታመስ ስጠይቃት “እስኪበቃው” ትለኛለች። ደብተር ይዤ አጠገቧ ቆሜ ሰዓት እቆጥራለሁ። የተፈጨበትን ቀን በእጄ እየጻፍኩ በግማሽ ኪሎ አሽጌ ነው የምሸጠው። እስከዛሬ 31 ቤት ወስዷል፣ 12ቱ ተመልሰው መጥተዋል።

ሌላው ያላሰብኩት የስሜ ጉዳይ ነው። በጨርቁ በኩል አንድ ስልክ ከደወልኩ 30 ጣቃ ይወርድልኛል፣ ክፍያው በወሩ፤ ወረቀት እንኳ አንፈራረምም። በርበሬ በረንዳ መጀመሪያ ቀን “ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ሰኞ” ብል፣ ልጄን የሚያክል ነጋዴ “ማዘር፣ እዚህ እጅ በእጅ ነው” አለኝ። ፊቴ ቀላ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን እኔም ለማላውቀው ሰው ጣቃ አውርጄ አላውቅም። ያ ሁሉ ዓመት የሠራሁት ስም እዚያው ከጨርቁ ጋር ነው የቀረው። እዚህ ማንነቴን የሚያውቅ የለም፣ እንዲያውቁኝም መለመን አልፈልግም።

ዛሬ ከዚያው ልጅ ዘንድ ስድስት ኬሻ አስፈታሁ። ከላይ ያለውን አላየሁም። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ከሥር ሁለት ሁለት ዛላ እያወጣሁ ጆሮዬ ዘንድ ወዘወዝኩ። አንደኛው ተንኳኳ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ዝም አለ። ደግሜ ወዘወዝኩት። ልጁ መጀመሪያ ዛላውን፣ ከዚያ እኔን አየኝና “እሱን ይተዉት ማዘር” ብሎ ኬሻውን ራሱ ወደ ጎን ጎተተው።

አምስቱን ከፍዬ አስጫንኩ፣ እጅ በእጅ። አሁን ግቢው ሙሉ ሸራው ላይ ተሰጥቷል። አክስቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ የጎረቤት ዶሮ ታባርራለች።