ቁጥሬ እስኪጠራ

ዛሬ ጁሪ ዱቲ ነበረብኝ፤ ተራ ዜጋ ፍርድ ቤት ተጠርቶ በችሎት ፍርድ እንዲሰጥ የሚገደድበት ነገር ነው። አሜሪካ፣ ጆርጂያ፣ አትላንታ አጠገብ ባለችው ዲኬተር ከተማ ጣቢያ ከባቡር ወርጄ ደረጃውን ስወጣ አደባባዩ መሀል ብቅ አልኩ። ፍርድ ቤቱ እዚያው አጠገብ ነው። ቁጥሬን ይዤ እስከ ምሳ ሰዓት ወንበር ሳሞቅ ቆየሁ። የጠራኝ የለም።

በምሳ እረፍት አሮጌው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳንድዊቼን በላሁ። የግራናይት ሕንጻ ነው። አሁን የካውንቲው ታሪክ ሙዚየም ሆኗል። እዚህ ሰፈር ስንት ዓመት ኖሬ ገብቼበት አላውቅም ነበር። ሰዓት ስለተረፈኝ ገባሁ።

ካውንቲው፣ ማለትም ዲኬተር ያለችበት አውራጃ፣ እኛ "ዲካልብ" እያልን የምንጠራውን የአገሩ ሰው "ዲካብ" ይለዋል። ስሙ የአንድ ጀርመን ተወላጅ ጄኔራል ነው፤ በ1780 በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ሞተ። ከተማዋ የተሰየመችበት ዲኬተር ደግሞ የባሕር ኃይል ጀግና ነበር፣ በ1820 በዱል፣ ሁለት ሰዎች ተቀጣጥረው በሚታኮሱበት ግጥሚያ፣ ተተኩሶበት የሞተ። ባሕር በሌለበት ከተማ የመርከበኛ ስም!

መሬቱ የሙስኮጊ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ነበር። ክሪክ ይሏቸዋል። አደባባዩ ያለበት ጉብታ ሁለት መንገዶቻቸው የሚገናኙበት ነው፤ ሳንድታውንና ሻሎውፎርድ። ጥር 1821 በኢንዲያን ስፕሪንግስ ውል መሬቱን ለቀቁ። ታኅሣሥ 1822 ካውንቲ ሆነ። ታኅሣሥ 1823 ዲኬተር ሕጋዊ ከተማ ሆነች። ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም።

በመሀል ያለው ነገር ነው ያስገረመኝ። ጆርጂያ መሬቱን ሸንሽና በዕጣ አከፋፈለችው! ሦስት ዓመት ጆርጂያ የኖረ፣ 18 ዓመት የሞላው ነጭ ላጤ አንድ ዕጣ ያወጣል። ባለትዳር ሁለት። አንዱ ቁራሽ 202 ኤከር ተኩል ነው። በእኛ ሁለት ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው። የደረሰው ሰው 19 ዶላር ከፍሎ ካርታውን ይወስዳል። ጥቁሮችና የመሬቱ ባለቤቶች ዕጣው ውስጥ የሉበትም።

እናቴ ኮንዶሚኒየም የተመዘገበችው በ1997 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ዕጣ በወጣ ቁጥር ጋዜጣ ዘርግተን ስሟን በጣታችን እየተከተልን እንፈልግ ነበር። ጣታችን ቀለም በቀለም ይሆናል። ሙዚየሙ ውስጥ ቆሜ የታየኝ ያ ጋዜጣ ነው። ደረሰኝ ብሎ እልል ያለ ቤተሰብ እዚህም ሳይኖር አይቀርም። የማን ቤት ፈርሶ እንደደረሰው ግን ጠይቆ ያውቅ ይሆን?

በ1842 ፍርድ ቤቱ ሲቃጠል የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዝገብ አብሮ ነዷል።

ስለ ባቡሩ የሚወራም አለ። የዲኬተር ሰዎች ጭስና ጫጫታ አንፈልግም ብለው ባቡሩን ስለመለሱት ነው አሉ መጨረሻው ጣቢያ ወደ ምዕራብ ሄዶ አትላንታ የሆነው። አሪፍ ወሬ ነው፤ እኔ ግን አልገዛውም። መሐንዲስ ቦታ የሚመርጠው የኮረብታውን አቀማመጥ አይቶ ነው። ደግሞስ በ1845 ባቡሩ በዲኬተር አልፎ የለ እንዴ?

ስወጣ ለጥቁሮች መብት የታገለውን የጆን ሉዊስን ሐውልት አየሁ። እዚያ ቦታ ከ1908 ጀምሮ የኮንፌደሬሽን፣ ባርነትን ለማቆየት ከአሜሪካ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች፣ ሐውልት ቆሞ ነበር። በ2020 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተነሳ፣ በ2024 ሉዊስ ቆመ። በ1836 ክሪኮችን የወጉበት የተባለ መድፍም ነበር። እሱም ተነስቷል። አንዲት ልጅ ሐውልቱ ሥር አይስክሬሟ ቀልጦባት ታለቅሳለች።

ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ሲሆን ጸሐፊዋ ማይክ ይዛ ቁጥር መጥራት ጀመረች። ኮምፒውተሩ ነው አሉ በዕጣ የሚመርጠው። አጠገቤ ያሉት አዛውንት ወጣላቸው፤ "ወይ ጣጣ" በሚል ፊት ተነሱ። የእኔ አልወጣም።